ስለ ኮንታክተርና ስለ አደጋ መከላከያው መስመር

(በሬዲዮ ከተነገረው)



በቦሌ መንገድ ወይም በመገናኛ አካባቢ ከቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንደኛው ውስጥ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ በየጧቱ በአሳንሰር ወደ ቢሮው ይወጣል። በሩ ይገጠማል፤ ከላይ ካለው የሞተር ክፍል «ጧ» የሚል አጭር ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያውም ሣጥኑ መውጣት ይጀምራል። በስምንተኛው ፎቅ ሲደርስ ያው ድምፅ ዳግመኛ ይሰማና ሣጥኑ ይቆማል፥ በሩም ይከፈታል። ሠራተኛው ፋይሉን በብብቱ ይዞ፥ ስለሚጠብቀው ስብሰባ እያሰበ ይወርዳል። በሩ ተከፍቶ እርሱ አንድ እግሩን ባወጣበት በዚያች ቅጽበት ሣጥኑ ሽቅብ እንዳይሳብ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ባለመጠየቁ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሠራተኛ አንድ ቀን የሕንፃ መረከቢያ ኮሚቴ አባል ወይም የዕቃ ግዥ ፈራሚ ሊሆን ይችላልና፥ ያን ጊዜ ነገሩን ማወቁ ለብዙ ሰው ሕይወት ይጠቅማል።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚያ «ጧ» ስለሚለው መሣሪያ ነው። ስሙ ኮንታክተር ይባላል። በአማርኛ የተለመደ ስም ስላልወጣለት በወፍጮ ቤትም፥ በፋብሪካም፥ በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብርም የሚጠራው በዚሁ ስሙ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠራው በጣት ነው። ጣታችን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ግን ለአምፖል የሚበቃውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የወፍጮ ወይም የአሳንሰር ሞተር በሦስት መስመር፥ በ380 ቮልት የሚመጣ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በሚነሣበትም ቅጽበት ዘወትር ከሚወስደው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ይስባል። ይህን ያህል ኀይል በቀን መቶ ጊዜ በእጅ እየቆረጡና እየቀጠሉ መዋል ለሰው አደገኛ ነው፤ ደግሞም በሩን የሚጠብቀው መነካኪያ አንድ ቦታ፥ ሞተሩ ሌላ ቦታ ሲሆን ጨርሶ አይቻልም። ስለዚህ የሰውን እጅ የሚተካ ሌላ እጅ ተፈለገ። ይህም እጅ ማግኔት ነው።

የኮንታክተር ሆድ ሲከፈት በብረት ላይ የተጠመጠመ የቀጭን መዳብ ሽቦ ጥቅል ይገኛል፤ ባለሙያዎቹ ኮይል ይሉታል። ከብረቱ ፊት ለፊት ደግሞ በሞላ ተገፍቶ የሚቆም ሌላ ተንቀሳቃሽ ብረት አለ። ኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲገባ የመጀመሪያው ብረት ማግኔት ይሆንና ተንቀሳቃሹን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ «ጧ» የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ተንቀሳቃሹ ብረት ሦስት የመነካኪያ ድልድዮች ተሸክሞአል፤ ሲሳብ ድልድዮቹ የሞተሩን ሦስት መስመሮች ያገናኛሉ። ኤሌክትሪኩ ከኮይሉ ሲቋረጥ ማግኔቱ ይጠፋል፥ ሞላው ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፥ ሞተሩም ከኀይል ይለያል። ከዋናዎቹ መነካኪያዎች ጎን ረዳት የሚባሉ ትንንሽ መነካኪያዎች አሉ፤ የእነርሱ ሥራ ለሞተር ኀይል ማሳለፍ ሳይሆን ወሬ ማቀበል ነው። ኮንታክተሩ ተስቦአል ወይስ ለቅቆአል የሚለውን ለሌላው መሣሪያ ይነግራሉ። ወደ እነዚህ ወሬ አቀባዮች በኋላ እንመለሳለን፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በእነርሱ ላይ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ኮንታክተር ለመያዝ ኀይል ይፈልጋል፤ ለመልቀቅ ግን ከሞላው በቀር ምንም አይፈልግም። ሽቦው ቢበጠስ፥ ፊውዙ ቢቃጠል፥ የከተማው መብራት ቢጠፋ፥ ኮይሉ ራሱ ቢነድ፥ ውጤቱ አንድ ነው፤ ይለቃል፥ ሞተሩም ይቆማል። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው የባቡር ፍሬን በዚሁ አሳብ የተሠራ ነው፤ የአየሩ ቧንቧ ቢበጠስ ፍሬኑ ባቡሩን ይይዘዋል እንጂ አይለቀውም። የአሳንሰርም ፍሬን እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ ፍሬኑን ያላቅቀዋል፤ የሚያጠብቀው ግን ሞላ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ ባለበት ይቆማል። በሁለት ፎቅ መካከል የቀረው ሰው ይማረራል፤ እውነት አለው፤ ሆኖም እየወደቁ ከመማረር ቆሞ መማረር ይሻላል።

በከተማችን የኤሌክትሪክ ኀይል ሁሉ «መብራት» መባሉ የቆየ ነገር ነው። መሥሪያ ቤቱም በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበርና፥ ዛሬ ስሙም አደረጃጀቱም ከተለወጠ በኋላ እንኳ ብዙ ሰው «መብራት ኃይል» ይለዋል። ይህ አጠራር ጥቂት ያሳስታል። መብራት ጠፋ ሲባል ሻማ እንፈልጋለን፤ መጣ ሲባል ደስ ይለናል። ሞተር ባለበት ቤት ግን የበለጠ የሚያስፈራው የመብራት መጥፋት ሳይሆን ተመልሶ መምጣቱ ነው።

በኮተቤ ወይም በገርጂ ባለ አንድ ወፍጮ ቤት ሞተሩ በተራ የእጅ ማብሪያ የሚነሣ ነው እንበል። እህል እየተፈጨ ሳለ መብራት ይጠፋል፤ ወፍጮውም ይቆማል። ባለወፍጮው ማብሪያውን ሳያጠፋ፥ ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍበት ሲል፥ የላላውን ቺንጋ ሊያጠብቅ እጁን ይሰድዳል። ኤሌክትሪኩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ማንንም አያስጠነቅቅም። ማብሪያው እንደበራ ቆይቶአልና ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ይነሣል። ቀጥሎ የሚሆነውን መተረክ አያስፈልግም።

ኮንታክተር በትክክል ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ማስነሻው ቁልፍ ሲጫን ኮንታክተሩ ይሳባል፤ ከረዳት መነካኪያዎቹ አንዱም ለኮይሉ ሌላ የኤሌክትሪክ መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ ጣት ከቁልፉ ላይ ቢነሣም ኮንታክተሩ ራሱን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ሲለቅም ያ በራሱ የያዘው መንገድ አብሮ ይቋረጣል። መብራቱ ቢመለስም ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ሞተሩ አይነሣም። ለዚህ ሁሉ የሚጠፋው አንድ ቁራጭ ሽቦና አንድ ትንሽ መነካኪያ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ ጥበቃ በሌለው ሞተር ላይ ሰው ለሚያሠራ ባለቤት፥ በእኔ አስተያየት፥ ምክንያት ሊገኝለት አይችልም።

አሁን ወደ አሳንሰሩ እንመለስ። በየፎቁ በር ላይ መቆለፊያ አለ፤ መቆለፊያው ሲገጥም አንድ መነካኪያ ይዘጋል። የሣጥኑም በር የራሱ መነካኪያ አለው። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ፥ ሣጥኑ ከመጨረሻው ፎቅ ሲያልፍ የሚቆርጥ፥ ከታች ከጉድጓዱ ውስጥ ጠጋኙ የሚጫነው የማቆሚያ ቁልፍም አለ። እነዚህ ሁሉ እንደ መቍጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ላይ ተሰክተዋል፤ የክሩም መጨረሻ የኮንታክተሮቹ ኮይል ነው። ከፍሬዎቹ አንዱ በተከፈተ ጊዜ ክሩ ይቋረጣል፤ ኮይሉ ኀይል ያጣል፤ ሞተሩ ይቆማል፥ ፍሬኑም ይይዛል። ባለሙያዎች የአደጋ መከላከያ መስመር የሚሉት ይህን ነው።

በዚህ ክር ላይ ያሉት መነካኪያዎች በደኅናው ጊዜ የተዘጉ፥ በአደጋ ጊዜ የሚከፈቱ እንዲሆኑ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በተገላቢጦሽ፥ ማለትም በአደጋ ጊዜ በመዘጋት እንዲያስቆሙ ቢሠሩ ኖሮ፥ ሽቦው የተበጠሰ ዕለት ጥበቃው ማንም ሳያውቅ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን የተበጠሰ ሽቦ መሣሪያውን ያስቆመዋል፤ ሰውም ይበሳጫል፥ ጠጋኝም ይጠራል። በፋብሪካ መሣሪያዎች ላይ የምናየው በቢጫ መደብ ላይ የተቀመጠው እንጉዳይ መሰል ቀይ ቁልፍም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሲጫን መስመሩን ይከፍታል፤ ተጭኖም ይቆያል። ቁልፉን ነቅሎ ወደ ቦታው መመለስ ብቻውን መሣሪያውን ማስነሣት የለበትም፤ ሌላ ማስነሻ በተለይ መጫን አለበት።

እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር ሁሉ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን መስመሩ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ትእዛዙን የሚፈጽመው በመጨረሻው ላይ ያለው ኮንታክተር ነው። እርሱስ ለመልቀቅ እንቢ ቢል?

እንቢ የሚልበት ምክንያት አለ። መነካኪያዎቹ ሲገናኙና ሲለያዩ በመካከላቸው ብልጭታ ይነሣል። ብልጭታው ከብረት ማቅለጫ እሳት የበረታ ነው፤ በየጊዜው ከመነካኪያው ፊት ጥቂት ጥቂት ያቀልጣል። መነካኪያዎቹ ሲጋጩ ደግሞ እንደ ኳስ ጥቂት ይነጥራሉ፤ በዚያች የሰከንድ ቁራሽ ውስጥ የሞተሩ የመነሻ ኀይል ቢያልፍባቸው የቀለጠው ፊት ከቀለጠው ፊት ጋር ተጣብቆ ይረጋል። ይህም መበየድ ነው፤ ብየዳ ቤት የሚሠራው ሥራ እዚህ ሳይፈለግ ይሠራል። ያን ጊዜ ቀይ ቁልፉ ይጫናል፥ መስመሩ ይከፈታል፥ ኮይሉም ኀይል ያጣል፤ ሞተሩ ግን መዞሩን አይተውም። ሞላው ከብየዳው ጋር ታግሎ አያሸንፍምና።

በነገራችን ላይ፥ ብልጭታውን ማጥፋት እንደ ኤሌክትሪኩ ዓይነት ይለያያል። ከመብራት ኃይል የምናገኘው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በሰከንድ 100 ጊዜ ባዶ ላይ ይደርሳል፤ ብልጭታውም በዚያች ባዶ ቅጽበት ሊጠፋ ዕድል ያገኛል። ከአያት ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ.ና በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ የሚሄደው፥ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ግን በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ባዶ ላይ አይደርስም፤ ብልጭታው ከጀመረ ተጎትቶ፥ ተለጥጦ፥ በማግኔት ተነፍቶ ካልተቆረጠ በቀር አይጠፋም። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ ኮንታክተር ለሌላው አይሆንም፤ ሁለቱም በመደብር መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡና ቢመሳሰሉም።

ለመበየዱ የተገኘው መድኀኒት ሁለት ኮንታክተሮችን በአንድ መስመር ላይ አከታትሎ መግጠም ነው። የሞተሩ ኀይል በመጀመሪያው ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ያልፋል። አንደኛው ተበይዶ ቢቀር ሁለተኛው ይቆርጣል። አንድ ግቢ ሁለት በር፥ ለእያንዳንዱም በር የየራሱ ዘበኛ እንዲኖረው እንደማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ አንደኛው ዘበኛ አንቀላፍቶ ሁለተኛው ብቻውን ሲጠብቅ የግቢው ጌታ ይህን ካላወቀ፥ ሁለት ዘበኛ አለኝ እያለ የሚኖረው በአንድ ዘበኛ ነው። ኮንታክተርም እንዲሁ ነው። አንደኛው ዛሬ ቢበየድ መሣሪያው በሁለተኛው ብርታት ሲነሣና ሲቆም ይከርማል፤ ማንም ልዩነቱን አያይም። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ሁለተኛውም በተራው ይበየዳል። ያን ዕለት መሣሪያውን የሚያቆመው አይኖርም። ስለዚህ ሁለት መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ በየጊዜው መልቀቁን የሚመሰክር ያስፈልጋል፤ ምስክሩም እውነተኛ መሆን አለበት።

ወደ ወሬ አቀባዮቹ ረዳት መነካኪያዎች የተመለስነው ለዚህ ነው። ተራ ረዳት መነካኪያ ሊዋሽ ይችላል። ከሦስቱ ዋና መነካኪያዎች አንደኛው ተበይዶ ሲቀር ተሸካሚው ብረት ወደ ኋላ በመጠኑ ይመለሳል፤ ጥቂት ይጣመማልም። በዚህ ጊዜ ልል ሆኖ የተሠራ ረዳት መነካኪያ ወደ ቦታው ደርሶ «ለቅቄአለሁ» የሚል ወሬ ያስተላልፋል፤ ዋናው መነካኪያ ግን ገና እንደተያዘ ነው። ይህን ውሸት ለመከልከል የተሠራው ዓይነት የመስተዋት መነካኪያ ይባላል። ዋናው የሚያደርገውን እንደ መስተዋት በተቃራኒው የሚያሳይ ስለሆነ ነው። ከዋናዎቹ አንዱ እንኳ ተዘግቶ ሳለ ይህ ረዳት ሊዘጋ አይችልም፤ የአሠራሩ ቅርጽ ራሱ አይፈቅድለትም። አይ.ኢ.ሲ. 60947-4-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የፈተናውን መንገድ አስቀምጦአል፤ ዋናው መነካኪያ እንደ ተበየደ ሆኖ ተይዞ ኮይሉ ኀይል ሲያጣ፥ በረዳቱ መነካኪያ መካከል የሚቀረው ክፍተት ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል፤ ወይም ደግሞ የተወሰነ ከፍተኛ ቮልት ችሎ ማሳየት አለበት። ግማሽ ሚሊሜትር የፍየል ቆዳ ውፍረት እንኳ አይሞላም፤ በዚያች ክፍተት ላይ ግን የሠራተኛው እጅ ተንጠልጥሎአል።

እነዚህን ምስክሮች የሚሰማ ደግሞ የደኅንነት ሪሌይ የሚባል መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 በጀርመን አገር ፒልዝ የተባለ ድርጅት ለቀይ ቁልፍ የሚሆን እንዲህ ያለ ሪሌይ በአንድ ሣጥን አድርጎ ካወጣ ወዲህ አጠቃቀሙ ተስፋፍቶአል። ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው የማስነሻውን ቁልፍ ሲጫን ሪሌዩ አስቀድሞ የሁለቱን ኮንታክተሮች የመስተዋት መነካኪያ ይጠይቃል። ሁለቱም ለቅቀናል ካሉ ብቻ ኀይል ይሰጣቸዋል። አንደኛው ዝም ካለ መሣሪያው አይነሣም። እንግዲህ የመጀመሪያው ብየዳ በተፈጠረ በሚቀጥለው መነሻ ላይ ይታወቃል፤ ሁለተኛውን ለመጠበቅ ጊዜ አይኖርም። የአውሮፓውያንም የአሳንሰር ደንብ ለዚሁ ነገር ቃል አለው፤ የሞተሩ ኀይል እርስ በርሳቸው በማይደጋገፉ ሁለት ኮንታክተሮች እንዲቆረጥ፥ ሣጥኑም ቆሞ ሳለ ከሁለቱ አንደኛው ሳይለቅ ቢገኝ፥ ቢዘገይ ቢዘገይ በሚቀጥለው የአቅጣጫ ለውጥ ላይ አሳንሰሩ እንዳይንቀሳቀስ ያዝዛል። ያለ ኮንታክተር በኤሌክትሮኒክ ኢንቨርተር ውስጥ ኀይሉን የሚቆርጡ አዲስ አሳንሰሮችም ወጥተዋል፤ ስለ እነርሱ ሌላ ቀን መነጋገር ይቻላል።

ከከተማይቱ በስተምሥራቅ በቦሌ ለሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በጀመረው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስና የቆዳ ውጤት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ከሠራተኞቻቸው አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በማናቸውም የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ከስፌት መኪናው ሌላ አርባ ሃምሳ ድርብ ጨርቅ ባንድ ጊዜ የሚቆርጥ ዙሪያ ቢላዋ፥ በሙቀት የሚያጣብቅ ማተሚያ፥ አዝራር የሚመታ መሣሪያ ይገኛል። አዝራር ወይም ቆዳ የሚመታ መሣሪያ በሁለት ቁልፎች እንዲነሣ ተደርጎ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱ ቁልፎች በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አብረው ካልተጫኑ አይመታም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም እጆች በቁልፎቹ ላይ ካሉ ከመምቻው በታች አይደሉም። ከቁልፎቹ ጀርባ ያለው ኮንታክተር ወይም ቫልቭ ተጣብቆ ከቀረ ግን ሁለት ቁልፍም ሃያ ቁልፍም አይረዳም።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥር አንድ ነገር እንናገር። አይ.ኤስ.ኦ. 13849-1 የተባለው ደረጃ እንደሚለው፥ በሙሉ ጭነቱ የሚሠራ ኮንታክተር በ1,300,000 ጊዜ መሳብና መልቀቅ ውስጥ ከመቶው አሥሩ በአደገኛ መንገድ ይበላሻል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ቁጥር ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። አሁን በየደቂቃው አንድ ጊዜ የሚነሣ መሣሪያ በሁለት ፈረቃ 16 ሰዓት፥ በዓመት 300 ቀን ይሠራል እንበል፤ በዓመት 288,000 ጊዜ ማለት ነው። ሲካፈል አራት ዓመት ተኩል ይሆናል። ያ ጊዜ ሲደርስ ኮንታክተሩ ደኅና ቢመስልም መለወጥ ይገባዋል። ጭነቱ ከልኩ በጣም ባነሰ ጊዜ ግን ያው ደረጃ 20,000,000 ይሰጠዋል። ስለዚህ ለሞተሩ ልክ ከሚበቃው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ኮንታክተር መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

አገራችን ደግሞ በዚህ ነገር የራስዋ ጠባይ አላት። በተለመደው ዓለም አቀፍ ደረጃ ኮንታክተር የሚለካው ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፥ ብልጭታንም እንደ ወፍራሙ አየር አይቃወምም። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተጻፈው አምፔር በአምስተርዳም የሚሠራውን ያህል በአዲስ አበባ እንደማይሠራ አስቦ፥ ፋብሪካው ለከፍታ ያወጣውን የቅነሳ ሠንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሠንጠረዥ በመጽሐፉ መጨረሻ ገጾች ስለሚገኝ ጥቂት ሰው ብቻ ያነበዋል።

ሌላው የቮልት መዋዠቅ ነው። ደረጃው ኮንታክተር ከተጻፈበት ቮልት ከመቶ 85 እስከ 110 ባለው ውስጥ ያለ ችግር እንዲሳብ ይጠይቃል፤ ለ220 ቮልት ከ187 እስከ 242 ማለት ነው። የሚለቀውም ከመቶ 75 እስከ 20 ባለው ውስጥ፥ ማለትም ከ165 እስከ 44 ቮልት ባለው ነው። አሁን መስመሩ ደክሞ በዳር ላይ ቆሞአል እንበል። ኮንታክተሩ ይሳባል፤ ሞተሩ ሲነሣ ብዙ ኀይል ስለሚጎትት ቮልቱ ይወርዳል፤ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ ሞተሩ ሲለይ ቮልቱ ያንሰራራል፤ እንደገና ይሳባል። ቁልፉን የያዘው ሰው የሚሰማው እንደ አታሞ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። በእያንዳንዱ ምት የመነሻው ኀይል በሚነጥሩት መነካኪያዎች ላይ ያልፋል። ከዚህ የበለጠ የመበየጃ መንገድ የለም። ስለዚህ ኮይሎቹን ከተደላደለ የ24 ቮልት ምንጭ መመገብ ለእንዲህ ያለ ቦታ የተሻለ ነው። የፊውዝም ነገር እንዲሁ ነው፤ መስመር ተገናኝቶ ፊውዝ ከተቃጠለ በኋላ ፊውዙን ለውጦ ማስነሣት የተለመደ ቢሆንም፥ ያ ትልቅ ኀይል ያለፈው በኮንታክተሩ ውስጥ ስለሆነ እርሱም ተከፍቶ መታየት አለበት።

አቧራም አለ። በቦሌና በአያት በኩል ግንባታው ያላቆመ በመሆኑ ደቃቁ አቧራ ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ በልብስ ፋብሪካ ደግሞ የጥጥ ብናኝ ይጨመርበታል። በሁለቱ ብረቶች መካከል የተጠቀጠቀ ብናኝ ኮንታክተሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይሳብ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ያዛምራል፥ ኮይሉም ይሞቃል። የሚያዛምር ኮንታክተር ታሟል ማለት ነው፤ በጨርቅ ሸፍኖ ድምፁን ማፈን መፍትሔ አይሆንም።

ስለ ግዥውም እንናገር፤ ይህ የእኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ድርሻ ነውና። በጨረታ ሰነድ ላይ «ኮንታክተር፥ 25 አምፔር፥ ኮይሉ 220 ቮልት፥ ብዛት 12» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፥ ዋጋው ያነሰው ያሸንፋል፤ ኮሚቴውም ሕጉን ጠብቆአል። ነገር ግን የመስተዋት መነካኪያ ያለው ይሁን የሚል አንድ መስመር በመጉደሉ የገባው ዕቃ ለአደጋ መከላከያው መስመር የማይሆን ሊሆን ይችላል። የታወቀ ፋብሪካ ስም ተለጥፎበት የሚሸጥ አስመሳይ ዕቃም በየአገሩ ገበያ ይገኛል፤ ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰነዱን የሚጽፈው ሠራተኛ መሐንዲሱን ጠርቶ፥ ይህ ዕቃ ለመብራት ነው፥ ለሞተር ነው፥ ወይስ ሰውን ለመጠበቅ ነው ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም።

ከክፉው ዕቃ የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ ጥሩውን ዕቃ በሽቦ ማለፍ ነው። መሣሪያው በበር መነካኪያ ምክንያት በየጊዜው ሲቆም ፎርማኑ ይቆጣል፥ ምርት ይዘገያል፤ ጠጋኙም ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በቀጥታ ያያይዝና መሣሪያው ሳይቆም ይውላል። ሁሉም ያመሰግኑታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ ለመጠበቅ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ግዴታ የጣለበት ሲሆን፥ ሠራተኛውም የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን እንዳያነሣና እንዳያበላሽ ይከለክላል። ያ ቁራጭ ሽቦ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጥሳል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወደ አንድ ፋብሪካ ሲሄድ ከቀይ ቁልፉ ቀለም ይልቅ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን አስከፍቶ በሥዕሉ ላይ የሌለ ሽቦ ቢፈልግ የተሻለ ያገኛል።

አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር። ኀይል መቁረጥ ማለት ሁልጊዜ መቆም ማለት አይደለም። ዙሪያ ቢላዋ ኀይሉ ከተቆረጠ በኋላም በራሱ ጉልበት ይዞራል፤ ስለዚህ ፍሬን ያስፈልገዋል፤ ወይም ኢንቨርተሩ ፍጥነቱን ካወረደው በኋላ ኮንታክተሩ እንዲቆርጥ ይደረጋል። በማግኔት ብረት የሚያነሣ ክሬን ደግሞ ኀይል ሲያጣ የያዘውን ይጥላል። እንዲህ ባለው ላይ ኮንታክተሩን ዝም ብሎ ማስለቀቅ ሌላ አደጋ ያመጣል፤ መስመሩ ለየመሣሪያው ተለይቶ መታሰብ አለበት።

የመጨረሻው ጉዳይ ፈተናው ነው። ምስክሮቹ የሚጠየቁት መሣሪያው በሚነሣበት ጊዜ ስለሆነ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር ያለው መሣሪያ ጉድለቱን ለዓመት ደብቆ ሊይዝ ይችላል። ለእንዲህ ያለው፥ ከፍተኛውን ጥበቃ ለሚጠይቅ መሣሪያ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፥ ከዚያ ለሚቀጥለው ደረጃ በዓመት አንድ ጊዜ በሩን ሆን ብሎ ከፍቶ መሞከር በዓለም አቀፉ ደረጃ ተወስኖአል። አዲስ አሳንሰር ወይም አዲስ መሣሪያ የሚረከብ ኮሚቴም አንድ ቀላል ነገር ማሠራት ይችላል። ባለሙያው የሞተሩን ኀይል ከዋናው ማጥፊያ ይቁረጠውና ይቆልፈው፤ የመቆጣጠሪያው 24 ቮልት ብቻ ይቅር። ከዚያም ከሁለቱ ኮንታክተሮች የአንደኛውን ተንቀሳቃሽ ብረት በተገቢው መሣሪያ ወደ ውስጥ ገፍቶ፥ እንደ ተበየደ አድርጎ ይያዘው። ኮሚቴው ማስነሻውን እንዲጫን ያዝዝ። የደኅንነት ሪሌዩ ሁለተኛውን ኮንታክተር መሳብ የለበትም። ከሳበው፥ ምስክሩ አልተጠየቀም ማለት ነውና የመረከቢያው ቅጽ ሳይፈረም ወደ ተቋራጩ ይመለሳል። ፈተናውም በሁለተኛው ኮንታክተር ላይ እንዲሁ ይደገማል።

ሞተሩን ራሱን ከመቃጠል ስለሚጠብቁት ስለ ኦቨርሎድና ስለ ፊውዝ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንነጋገራለን።